አንድራጎጂ ምንድን ነው? ጎልማሳ ኮርሱን ለምን ጥሎ ይሄዳል?

ለሥራ ሰዎች ተብሎ የሚከፈት የቴሌግራም ኮርስ ሲጀመር ሰው ይጎርፋል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ጭር ይላል። አስተማሪውም «የኛ ሰው መማር አይወድም» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልስማማም። ሰዉ የማይወደው መማርን ሳይሆን እንደ አምስተኛ ክፍል ልጅ መቆጠርን ነው።

አንድራጎጂ የሚባለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባጭሩ፣ ጎልማሳ እንዴት እንደሚማርና እንዴት ሊያስተምሩት እንደሚገባ የሚያይ አስተሳሰብ ነው። ስያሜውን ጀርመናዊው መምህር አሌክሳንደር ካፕ በ1833 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበታል። በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካዊው ማልኮም ኖልስ ነው። ኖልስ እንደሚለው፣ ጎልማሳ ራሱን የሚያስተዳድር ሰው ስለሆነ በትምህርቱ ላይ የመወሰን ድርሻ ይፈልጋል። ልምድ ይዞ እንጂ ባዶውን አይመጣም። የሚማረው ዛሬ ላጋጠመው ነገር ሲሆን ነው፤ «አንድ ቀን ይጠቅምሃል» ቢሉት ጆሮ አይሰጥም። «ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ካልተመለሰለትም ልቡ አይገባም።

በአንድ ኮርስ እንየው። ለደሴ ነጋዴዎች የሱቅ ሂሳብ አያያዝ ልናስተምር ነው እንበል። የተለመደው አጀማመር «ምዕራፍ አንድ፦ የሂሳብ አያያዝ ትርጉም፣ ዓላማና ጥቅም» ነው። ከዚያ አርባ ደቂቃ ቪዲዮ። ሸዋ በር ሱቅ ያላቸው እናት ይህን ከፍተው፣ ደንበኛ ሲመጣ ዘግተው፣ በዚያው ይረሱታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነግዱ ለኖሩ ሴት የሂሳብ ትርጉም አልጠፋባቸውም። የጠፋባቸው የዱቤው ብር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መልእክት እንዲህ ቢሆንስ?

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ። የዱቤ ደብተርዎን ይክፈቱ። ወር ያለፋቸውን ብቻ ይደምሩ። ድምሩ የራስዎ ነው፣ ለኛ አይላኩ። ወር ያለፈባቸው ስንት ሰዎች እንደሆኑ ብቻ ይንገሩን።»

ትምህርት በዚህ ተጀመረ ማለት ነው። ድምሩ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን መልእክት ራሱ ይጠብቃል። ያኔ በሽያጭና በእጅ ባለ ብር መካከል ያለውን ልዩነት በእሳቸው ዕቃ ማሳየት ይቻላል። በ8,500 ብር የገዙትን ዕቃ በ10,000 ሸጡ። ከዚህ ውስጥ 4,000ው ዱቤ ነው። በወረቀት 1,500 አትርፈዋል። እጃቸው ላይ ያለው ግን 6,000 ብር ነው፤ ያንኑ ዕቃ መልሰው ልግዛ ቢሉ 2,500 ይጎድላቸዋል። «እያተረፍኩ ለምን ብር አጣሁ?» የሚለው የዘወትር ጥያቄያቸው መልስ አገኘ። ትርጉሙና ዓላማው ከዚህ በኋላ ቢመጣ ማንም አይጠላውም።

ልምዳቸውንም ማስወጣት ነው። ወሎ ላይ ባለዕዳው ጎረቤት ነው፣ የለቅሶና የሠርግ ሰው ነው፣ አብሮ ቡና የሚጠጣ ነው። እሱን ሳያስቀይሙ ዱቤ ማስመለስ ከየትኛውም መማሪያ ላይ አይገኝም። በግሩፑ ጠይቋቸውና በድምፅ ይመልሱ። አስተማሪው እዚህ ጋ ዝም ቢል ይሻላል። (ዝም ማለት ለአስተማሪ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው።)

ስለ ትምህርቱ ርዝመትም የሚባል ነገር አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤዴክስ (edX) በተባለው የኢንተርኔት ኮርሶች መድረክ ላይ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ የቪዲዮ እይታ ተመርምሮ ነበር። ተማሪዎች በአብዛኛው በአንድ ቪዲዮ ላይ የሚቆዩት ቢበዛ ስድስት ደቂቃ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። በኛ አገር ደግሞ ፓኬጁም አለ። ለብዙ ትምህርት አጭር የድምፅ መልእክት ይበቃል፤ ከቪዲዮ በእጅጉ ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው፣ ሥራ እየሠሩም ይደመጣል። ቀኑንም ማወቅ ነው። ሰኞ ለባቲ ነጋዴ ትምህርት መላክ ከንቱ ልፋት ነው፤ ገበያ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከሳምንት በኋላ መልሶ መጠየቅ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ያነበቡትን ደግመው ያነበቡና ያነበቡትን በቃላቸው እንዲጽፉ የተደረጉ ተማሪዎች ተነጻጽረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የተፈተኑት በለጡ። ስለዚህ «ባለፈው የላክነውን እንደገና ያዳምጡ» ከማለት «ባለፈው ሳምንት ስንት ዱቤ ሰበሰቡ? በምን ዘዴ?» ማለት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በወሎ ሐሪማዎች (የእስልምና ትምህርት ቤቶች) ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ያነባል፤ ሲገባው ወደሚቀጥለው ያልፋል። የቅኔ ተማሪም ራሱ ቅኔ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። በየራሱ ፍጥነት መሄድና እየሠሩ መማር እዚህም የነበረ ነው።

ኖልስን ግን እንደ ሕግ መያዝ አያስፈልግም። ልጆችም በሚያስፈልጋቸው ነገር ላይ ሲሆን በደንብ ይማራሉ። ጎልማሳ ሁሉም ደግሞ ራሱን አይመራም። ኖልስ ራሱ መጀመሪያ የልጅንና የጎልማሳን ትምህርት ለያይቶ ካነጻጸረ በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የአንድ መስመር ጫፎች መሆናቸውን ተቀብሏል። ስማርት ስልክ ገና ለያዙ አባት «የሚፈልጉትን ትምህርት ራስዎ ይምረጡ» ማለት ነጻነት ሳይሆን ጥሎ መሄድ ነው። ለእሳቸው መጀመሪያ «አብሽር አባ» ብሎ፣ የትኛውን እንደሚነኩ አንድ በአንድ ማሳየት ነው። ምርጫው ጣታቸው ከለመደ በኋላ ይደርሳል።