የፒያሳን ቤት ከነጣሪያው በድሮን ማንሳት

አንድን ቤት ከየአቅጣጫው 300 ጊዜ ፎቶ ብታነሱት ኮምፒውተር መልሶ ሊሠራው ይችላል። ያንኑ የመስኮት ጥግ በብዙ ፎቶዎች ላይ ይፈልጋል። ካሜራው የት የት እንደነበረ ከዚያ ያሰላል። ይህን በሚሊዮን ነጥቦች ላይ ሲደጋግመው የነጥብ ደመና ይወጣል። ነጥቦቹ ተያይዘው ገጽ ይሆናሉ፤ ገጹ የፎቶውን ቀለም ይለብሳል። በስክሪን ላይ የሚዞርና የሚለካ ስሪዲ ቤት ተገኘ ማለት ነው። ሙያው ፎቶግራሜትሪ ይባላል።

ሙያው ከድሮን በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብሬክት ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ አርክቴክት የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ በመንጠልጠል ፋንታ ከፎቶ መለካትን አሰበ። ድሮን የጨመረው ዋና ነገር ጣሪያውን ነው።

አራዳ ላይ ጣሪያ ትልቅ ነገር ነው። የፒያሳ የድሮ ቤቶች ተዳፋት የቆርቆሮ ክዳን አላቸው። ጠርዙ ላይ የተፈለፈለ እንጨት፣ ከሥሩ ሰፊ በረንዳ አለ። የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም የለውም፤ በሜትር ከመለካት በፎቶ መያዝ ይቀላል።

ስንጥቁ፣ እድፉ፣ የተላጠው ቀለሙ ሁሉ ለኮምፒውተሩ ምልክት ይሆናል። መስታወት ግን ያስቸግራል። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አስቡት። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነጸብራቁም ይንቀሳቀሳል፤ ሞዴሉ ይቀልጣል ወይም ይበሳል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሌላ ፈተና አለው። ስምንት ማዕዘን ነው፤ ፊቶቹ ስለሚመሳሰሉ ሶፍትዌሩ አንዱን ከሌላው ሊያምታታ ይችላል። መፍትሔው ዛፉንና አጥሩንም አብሮ ማንሳት ነው።

ጎረቤት ፎቶዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለባቸው። ከ30 ሜትር ርቀት የተለመደ ድሮን አንድ ፒክሰል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ለበረንዳ ሥር ግን ካሜራውን አዘንብሎ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ደግሞ የመብራት ገመድ አለ። አራዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ሳስቷል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ደመና የሸፈነው፣ ዝናብና ነፋስ የሌለው ጠዋት ከተገኘ እሰየው ነው። የቀትር ፀሐይ በረንዳውን ያጠቁረዋል።

ቀያሾች መሬት ላይ ምልክት አድርገው በጂፒኤስ ይለኩታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሁለቱ ከተደባለቁ ቤቱ 200 ሜትር ያህል ሸሽቶ ይገኛል።

ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ፈቃድ ከሌለ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ካሜራ ፊት ለፊቱን ይይዛል፤ ጣሪያው ግን ይጎድላል። ውስጡም የድሮን ሥራ አይደለም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ለማንሳት የእጅ ካሜራ ይሻላል።

ፓሪስ ውስጥ ኖትር ዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል፣ አንድሩ ታሎን የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 በሌዘር የለካው ነበረ፤ ለጥገናው ጠቀመ። የእኛ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ነካው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። አንዱን ቤት ለማንሳት ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር፤ እኔን አሁንም ይቆጨኛል።

ለፈረሰውም ቢሆን ትንሽ ተስፋ አለ። ሶፍትዌሩ ፎቶው በማን ካሜራ እንደተነሳ አይመርጥም። ከተለያየ ጥግ የተነሱ በቂ ፎቶዎች ከተሰበሰቡ ቢያንስ የፊት ገጹ ሊወጣ ይችላል። የሠርግ አልበምም የምረቃ ፎቶም ይሁን፣ ከሰዎቹ ኋላ በረንዳው የሚታይ ከሆነ አትጣሉት።