የቀዶ ሕክምና ቁስል ሲያመረቅዝ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው መቼ ነው?

«ሐኪሙ ስፌቱን ከፍቶ መግሉን ካጠበ በኋላ ያለ አንቲባዮቲክ ለምን ሸኘን?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ነጥቡን ማብራራት ተገቢ ነው። ከቆዳ ሥር ሳያልፍ የቀረ ኢንፌክሽን ዋና ሕክምናው ስፌቱን ፈትቶ መግሉን ማስወጣትና ቁስሉን በየጊዜው ማጽዳት ነው፤ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም በመሆኑ የደም ሥር በሌለው የመግል ቋት ውስጥ በበቂ መጠን አይደርስም።

ለምሳሌ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከሳምንት በኋላ የስፌቷ ጫፍ ቀልቶ መግል ቢይዝ፣ ነገር ግን ትኩሳት ባይኖራትና መቅላቱ ባይስፋፋ፣ መክፈቱና ማጽዳቱ ብዙውን ጊዜ ይበቃታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ መቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሄድ፣ ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ ሲያልፍ ወይም የልብ ምት በደቂቃ ከ110 ሲበልጥ አንቲባዮቲክ ይጨመራል።

የመድኃኒቱ ዓይነትና የሚወሰድበት ጊዜ ግን ኦፕራሲዮን እንደተደረገው የሰውነት ክፍል፣ እንደ መግሉ የላቦራቶሪ ውጤትና እንደ ታካሚው ጤና፣ በተለይም እንደ ስኳር ሕመም፣ ስለሚለያይ ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥም ሆነ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ ይህን ሕክምና አይተካም።