ሲዲአይኦ ምንድን ነው?

ሲዲአይኦ የምህንድስና ትምህርት የሚደራጅበት ስልት ነው። ተማሪው አንድን ምርት ወይም ሥርዓት ከጥንስሱ እንዲያስበው፣ እንዲነድፈው፣ በእጁ እንዲሠራውና አገልግሎት ላይ አውሎ እንዲከታተለው ይጠይቃል፤ ስሙም የእነዚህ አራት ተግባራት የእንግሊዝኛ መጠሪያዎች (Conceive, Design, Implement, Operate) የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የጀመሩት የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ቻልመርስ፣ ሊንሾፒንግና የስቶክሆልሙ ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት።

መነሻው የአሠሪዎች ስሞታ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርቱ ወደ ሳይንሱ እያዘነበለ ሄዶ፣ በሥራ የበሰሉ መምህራን ቦታቸውን ለተመራማሪዎች ለቀቁ። ተመራቂው ቀመሩን አሳምሮ ይፈታል፤ የሚፈልገውን በቅጡ የማያውቅ ደንበኛ፣ የተቆረጠ በጀትና ከሌላ ሙያ የመጣ ባልደረባ ሲገጥመው ግን ግራ ይገባዋል።

ፓምፕን ግድግዳ ላይ ደግፎ የሚይዝ ማቀፊያ የነደፈ ተማሪ እንውሰድ። በወረቀት ላይ ማቀፊያው ጭነቱን ይችላል። ብረቱ ተቆርጦ ሲገጠም ግን አንዱ ብሎን ግድግዳው ሥር ተወሽቆ መፍቻ አያስገባም። ፓምፑ ጥቂት ሳምንታት ሲሠራ ደግሞ ንዝረቱ ብሎኖቹን ያላላቸዋል፤ ሊያጠብቃቸው የመጣው የጥገና ሠራተኛ እጁን የሚያሳልፍበት ቦታ ያጣል። የጭነት ስሌቱ ስለዚህ ሰው እጅ አንዳች አይናገርም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጡት 12 የሲዲአይኦ መመዘኛዎች አምስተኛው፣ ተማሪው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በመነሻ፣ ሌላውን በላቀ ደረጃ፣ ነድፎ እንዲሠራ ያዛል። ቲዎሪው ይቅር የሚል የለም፤ የቡድን ሥራና የሐሳብ አገላለጽ ግን በዋናው ኮርስ ውስጥ ገብተው እንጂ ለብቻቸው ተለጥፈው አይሰጡም።

በእኔ እይታ በቀላሉ የሚዘለለው የመጨረሻው ተግባር፣ አገልግሎት ላይ ማዋል ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት በአብዛኛው በገለጻው ቀን ያበቃል፤ ናሙናው ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ በስድስተኛው ወር ምን እንደሚበላሽ የሚያይ አይኖርም። የቀደመውን ቡድን ሥራ ተረክቦ የሚጠግን ቀጣይ ቡድን ማደራጀት አንድ መላ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመምህሩ ጉዳይ ይመስለኛል። ዘጠነኛው መመዘኛ የመምህራን የምህንድስና ክህሎት እንዲጎለብት ይጠይቃል። የደረጃ እድገት በታተመ ጥናት ብዛት ብቻ በሚለካበት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዓመት ፋብሪካ ገብቶ የሠራ መምህር የሚያተርፈው ወደኋላ መቅረትን ነው።