የሚና ጨዋታ መቼት አመራረጥ፦ ወሎን መነሻ ያደረገ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙንና ነዋሪዎቹን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲቀጥል ዘመቻ ይባላል። ዘመቻው የሚካሄድበትን የምናብ ዓለም ለመሰየም ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት የምናውቀው «መቼት» የሚለው ቃል በሚገባ ይስማማል፤ «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ጥያቄዎች የተሠራ በመሆኑ መሪው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባውን ቃሉ ራሱ ይነግረዋል።

የመጀመሪያው የታተመ የሚና ጨዋታ ደንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲወጣ በመጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ሁለቱም ከኅትመቱ በፊት ከወዳጆቻቸው ጋር የሚጫወቱባቸው ዓለማት ነበሯቸው፤ የአርንሰን ብላክሙር፣ የጋይጋክስ ደግሞ ግሬይሆክ ይባላል። ብላክሙር ይቀድማል የሚለው በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። ሁለቱም የተጀመሩት ከአንድ ግንብና ከሥሩ ካለው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ሲሆን፣ አገሩና ድንበሩ የተጨመረው ተጫዋቾቹ ከግንቡ ርቀው መሄድ ሲፈልጉ ነው። ግሬይሆክ እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን ችሎ ሲታተም ዳርሊን የተባለች ሠዓሊ የሳለችው ካርታ አብሮት ወጣ፤ ካርታው ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግሬግ ስታፎርድ የፈጠራት ግሎራንታ እ.ኤ.አ. በ1975 በገበታ የጦርነት ጨዋታነት ቀርባ በ1978 ሩንክዌስት በተባለው የሚና ጨዋታ አማካይነት ታወቀች፤ በዚህች ዓለም የአማልክት ተረት የምድሪቱ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ድራጎንላንስ ዓለሙን ከአንድ ረጅም ታሪክ ጋር አቆራኘ። ካናዳዊው ኤድ ግሪንዉድ በልጅነቱ የጀመረው ፎርጎትን ሬልምስ በ1987፣ ውኃና ብረት ብርቅ የሆኑበት የበረሃ ዓለም ዳርክ ሰን በ1991 ታተሙ። ኤበሮን የተባለው ዓለም ከ11,000 በላይ ሐሳቦች ከቀረቡበት ውድድር ተመርጦ በ2004 ወጣ።

የታተመ ዓለም መምረጥ ድካም ይቀንሳል፤ ካርታውም፣ የነገሥታቱ ስምም፣ የየከተማው ገበያም ተዘጋጅቶ ይገኛል። ችግሩ መሪው ያነበበውን ተጫዋቾቹ አለማንበባቸው ነው። ደሴ ላይ የተሰበሰቡ አምስት ጀማሪዎችን መሪው «በመንደሩ መሃል መጠጥ ቤት አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ቢላቸው ዝም ብለው እርስ በርስ ሊተያዩ ይችላሉ። «ዛሬ ሰኞ ነው፤ ባቲ ገብታችኋል፤ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ዛፍ ሥር አንበርክከዋል» ቢላቸው ግን አንዱ የግመሉን ዋጋ ይጠይቃል፣ ሌላው አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ባለ ዕዳው ገበያ ወጥቶ እንደሆነ በዓይኑ ያማትራል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በየሰኞው የሚገናኙበት ይህ ገበያ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዚህ ዳሰሳ አቋም እዚህ ላይ ነው፦ መቼት ሲመረጥ የመጀመሪያው መመዘኛ ተጫዋቾቹ ሳይነገራቸው ምን ያህሉን ያውቁታል የሚለው ሊሆን ይገባል፤ በዚህ መመዘኛ ወሎን የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል።

የወሎ ካርታ ከስፋቱ ይልቅ ከፍታና ዝቅታው ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። መንገደኛ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል። በገደላማው በኩል ደግሞ ማዶ ያለው መንደር ጭሱ ይታያል፣ የውሻው ጩኸት ይሰማል፤ ለመድረስ ግን ወንዙ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ቀኑን ይፈጃል። ስለዚህ በወሎ አምሳል የተሠራ ዓለም ርቀትን እኩል በሆኑ የካርታ ክፍሎች ሳይሆን በቀን መንገድ ቢለካ የተሻለ ነው።

ለጨዋታ ከሁሉ የሚመቸው አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫው ጥቂት። በአምባሰል የምትገኘው የመስቀል ቅርጽ ያላት ግሸን የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻኮቱ ተጠብቀው የሚቆዩባት አምባ ነበረች። ይህ ልማድ መቼ እንደተጀመረ ጸሐፍት ይለያያሉ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አምባዋን እስኪይዛት ድረስ መቆየቱ ግን የታወቀ ነው። ወሬዋ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው ራሴላስ በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የሐበሻ መሳፍንት በአማራ ግዛት በተራሮች የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግተው ሲኖሩ እናነባለን። የወሎ ምድር የምናብ መቼት የሆነው እንግዲህ የሚና ጨዋታ ከመፈጠሩ ከ200 ዓመታት በፊት ነው። ሌላዋ አምባ መቅደላ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ እየጎተቱና ገደሉን እየናዱ መንገድ እየሠሩ ከደብረ ታቦር መቅደላ የደረሱት ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ሠራዊት እየከዳ፣ ስንቅ እያለቀ፣ የጠላት ጦር ከባሕር በኩል እየቀረበ መድፍን ወደ አምባ ማድረስ፤ አንድ መሪ ከዚህ የበለጠ የዘመቻ ሐሳብ ከየት ያገኛል? ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን መድፉ ዛሬም እዚያው ነው።

ላሊበላ ለብቻው መታየት ይገባዋል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ እጅ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚታለፍባቸው የጨለማ መተላለፊያዎችና መላእክት በሌሊት አብረው ፈለፈሉ የሚለው ትውፊት ማንኛውንም የጨዋታ መሪ ይስባሉ። ነገር ግን ዛሬም የሚቀደስበት ስፍራ ነው፤ በስሙ ጭራቅ ማስፈርና ሰይፍ ማማዘዝ ተገቢ አይደለም፤ በጃማ ንጉሥና በሌሎች የመውሊድ ስፍራዎችም እንዲሁ። ቅርጹን ወስዶ ስሙንና እምነቱን መለወጥ ይሻላል።

«መቼ» የሚለውን በተመለከተ ዘመነ መሳፍንት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1855 ያለው ዘመን፣ እጅግ ይመቻል። ንጉሥ ጎንደር ላይ በስም ይነግሣል፤ ሥልጣኑ ግን ለረጅም ጊዜ ከወሎ በወጡት የየጁ ራሶች እጅ ነው። ተጫዋቾች ለማን እንደሚያድሩ ራሳቸው የሚመርጡበት ዘመን ነው። የዛግዌ ዘመን ደግሞ ተረት ለሚወዱ ይስማማል።

የወሎ ማኅበራዊ ሕይወት ጠብን ያለ ሰይፍ የሚፈታበት መንገድም አለው። ደም የተቃቡትን አበጋሩ ያስታርቃል፤ ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ላይ ዱዓ ይደረጋል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይኖራሉ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በብዙዎቹ የታተሙ ጨዋታዎች የደንቡ ሰፊ ክፍል ውጊያ በመሆኑ፣ ወሎን መነሻ ያደረገ መሪ ለሽምግልና የሚሆን ደንብ ከራሱ መጨመር አለበት፤ ካሳው ስንት እንደሆነ፣ ሽማግሌ ማን እንደላከ፣ ማን እንደማለ ሁሉ ውጤቱን ሊወስን ይገባል።

ግሬይሆክ ከአንድ ግንብ እንደተነሣ ሁሉ እዚህም አንድ አምባ፣ አንድ ገበያና በመካከላቸው የአንድ ቀን መንገድ ለመጀመሪያው ምሽት ይበቃል። መሪው አስቀድሞ ጽፎ መምጣት ያለበት የአምባውን በር ማን እንደሚጠብቅ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ አበጋሩ የየትኛው መንደር ሰው እንደሆነና ወንዙ ክረምት ላይ በየት በኩል እንደሚሻገር ነው።