ሞዴል አውሮፕላን ላይ ሴንሰር መግጠም፦ የቱ የት ይቀመጣል?

በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ የተሸከመው ዕቃ ጥቂት ነበር፦ ሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበል)፣ ሰርቮ (የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን የሚያዞር ትንሽ ሞተር)፣ ሞተርና ባትሪ። ሚዛኑን የሚጠብቅለት መሬት ላይ የቆመው አብራሪ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ መዳፍ ላይ የምታርፍ የበረራ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ትጋራዋለች። ከታወቁት አንዷ ፒክስሆክ ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ባለው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ሎሬንዝ ማየር ገና ተማሪ ሳለ ከጀመረው ፕሮጀክት የተገኘች ናት። ከሚጫኑባት ሶፍትዌሮች አንዱ አርዱፓይለት ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው።

ሰሌዳዋን መግዛት ቀላሉ ነገር ነው። ዋናው ሥራ ቦታ መምረጥ ነው፤ እያንዳንዱ ሴንሰር የማይስማማው ጎረቤት አለው።

ጋይሮስኮፕና አክስለሮሜትር ሰሌዳዋ ውስጥ ናቸው። አንዱ መዞርን፣ ሌላው ፍጥነት መጨመርና መቀነስን ይለካል። ስለዚህ ሰሌዳዋ ከአውሮፕላኑ የክብደት መሐል አጠገብ ትቀመጣለች፤ ላይዋ ያለው ቀስት ወደ አፍንጫው ይዞራል። ጠላታቸው ንዝረት ነው። ሶፍትዌሩ ከአክስለሮሜትሩ ንባብ ፍጥነትንና ከፍታን ስለሚያሰላ፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲገባበት ያልተንቀሳቀሰው አውሮፕላን የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። በአርዱፓይለት መለኪያ ንዝረቱ ከ30 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ከ60 ካለፈ ችግር አይቀርም። ብዙ ሰው ወዲያው ስፖንጅ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ሚዛን ማስያዝን እመርጣለሁ፤ በሽታው የሚነሳው ከዚያ ነዋ። ሽቦዎቹም አይወጠሩ፤ የተወጠረ ሽቦ ንዝረቱን ሰሌዳዋ ድረስ ይዞ ይመጣል።

ባሮሜትሩ ከፍታን የሚያውቀው በአየር ግፊት ነው። ባህር ወለል ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ልዩነት ወደ 8 ሜትር ከፍታ ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ10 ሜትር ትንሽ ያልፋል። አካሉ ውስጥ ሽው የሚል ነፋስ ንባቡን በቀላሉ ያዛባዋል። ትንሽ ስፖንጅ ቢሸፈንበት ከነፋሱም ከፀሐዩም ይጠበቃል።

ኮምፓሱ ከሁሉም ይበልጥ ቅንጡ ነው። የምድር መግነጢስ ደካማ ነው፤ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው ከባድ ኤሌክትሪክ ግን አጠገቡ ሲያልፍ የራሱን መግነጢስ ይፈጥራል። ለዚህ ነው ኮምፓሱ ከጂፒኤሱ ጋር ርቆ፣ ክንፍ ወይም ጀርባ ላይ የሚገጠመው። የባትሪውን ቀይና ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ መጠምዘዝ በጣም ይረዳል፤ የሁለቱ መግነጢስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በብዙዎች የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፦ የአንዳንድ አውሮፕላኖች ክዳን የሚዘጋው በማግኔት ነው። ኮምፓሱን እዚያ አጠገብ አታድርጉት።

አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚለካው ፒቶ ቱቦ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ኦንሪ ፒቶ ነው፤ በ1732 እ.ኤ.አ. የወንዝ ውሃ ፍጥነት ለመለካት ተጠቀመበት። ጂፒኤስ የሚናገረው የመሬት ላይ ፍጥነትን ብቻ ነው። ነፋስ ከኋላ በ5 ሜትር በሰከንድ ሲገፋና ጂፒኤሱ 15 ሲል፣ ክንፉ የሚያገኘው አየር 10 ብቻ ነው። አውሮፕላንን የሚጥለው የዚህ አየር ማነስ ነው። ስለዚህ ቱቦው ከፕሮፔለሩ ነፋስ ርቆ፣ ከክንፉ ፊት ወጣ ብሎ ይተከላል። ባትሪ ሲሰካ ሴንሰሩ የዚያን ጊዜ ንባቡን እንደ ዜሮ ስለሚወስድ ያን ጊዜ ቱቦውን በጨርቅ መከለል ያስፈልጋል።

ለሰሌዳዋና ለሰርቮዎቹ ኃይል ለየብቻ ቢሰጥ ይመረጣል። የተያዘ ሰርቮ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ቮልቴጁ ከወረደ ሰሌዳዋ አየር ላይ እያለች ልትጠፋ ትችላለች።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የክብደቱ መሐል እንደገና ይለካል። በብዙ አውሮፕላኖች ከክንፉ ፊት ጠርዝ ጀምሮ የክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ላይ ይውላል። ካልሆነ ባትሪውን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ነው።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ተነቅሎ ሙከራ ይደረጋል። ሰሌዳዋ ሚዛን በምትጠብቅበት ሁኔታ ላይ ተደርጋ አውሮፕላኑን በእጅ ወደ ቀኝ ማዘንበል። የቀኙ አይለሮን (ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች፣ የግራው ወደ ላይ መሄድ አለበት። ተቃራኒውን ካደረገ ቅንብሩ እስኪስተካከል ድረስ አይነሳም።