ሙሪንግ ምንድን ነው?

አንድ ጸሐፊ ስለ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲጽፍ፣ ተመራማሪዎች በአካባቢው የተከሉትን ሙሪንግ፣ ማለትም ከባሕር ወለል ጋር በክብደት የታሰረውን መለኪያ የተሸከመ ገመድ፣ «ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የአየር ጠባይ ጣቢያ» ብሎታል። ዓሣ አጥማጆች አይተውት እንደማያውቁና መረጃው በየዕለቱ እንደማይወጣ ጠቅሶም፣ ወይ ጠፍቷል ወይ ተደብቋል ወደሚል ጥርጣሬ ገብቷል። ይህ ስህተት ደጋግሞ ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

ያልታየው እንዲታይ ስላልተሠራ ነው። ይህ ሙሪንግ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 3600 ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ውሃ ውስጥ የተተከለ ሲሆን ጫፉ ከባሕሩ ገጽ በታች ነው። ወለሉ ላይ ከባድ ብረት ይቀመጣል፤ በዚህ ሥራ ያረጀ የባቡር ጎማ የተለመደ ነው። ከዚያ ረጅም ገመድ ይነሳል፣ ተንሳፋፊ ኳሶች ወደ ላይ ይወጥሩታል፣ በየጥልቀቱ የታሰሩት ሴንሰሮች (መለኪያዎች) ሙቀትን፣ ጨውን፣ ኦክስጅንንና ፍሰትን ይመዘግባሉ። ገጹ ላይ ቢወጣ ማዕበል ያላጋዋል፣ መርከብ ይገጨዋል። በእርግጥ ከላይ ተንሳፋፊ ኖሯቸው በሳተላይት መረጃ የሚልኩ ሙሪንጎች አሉ፤ በሞቃታማው አትላንቲክ ያሉት የፒራታ ሙሪንጎች እንዲህ ናቸው። የጸሐፊው ግድፈት ሁሉንም በእነዚህ መመዘኑ ነው።

የግቢ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። በሩ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ከተማውን ግን አይዞርም። ስልክ የለውም፤ ተረኛ መጥቶ እስኪተካው ድረስ መዝገቡ በእጁ ይቆያል። ተረኛው መርከብ ነው፤ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይዘገያል። ከመርከቡ የድምፅ ምልክት ወደ ታች ይላካል፣ ከክብደቱ በላይ ያለው ማያያዣ ይከፈታል፣ ብረቱ ወለሉ ላይ ቀርቶ ገመዱ ከነሴንሰሮቹ ብቅ ይላል። ዘበኛው ደግሞ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ፍሰቱ ሲበረታ ገመዱ ያዘነብላል፣ ሴንሰሩም ከተባለለት ጥልቀት በታች ይወርዳል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ ያላረጋገጠውን የጥልቀት ቁጥር አልቀበልም። የኦክስጅን ሴንሰርም ውሎ አድሮ ስለሚዛባ ሲገባም ሲወጣም መመሳከር አለበት።

ጸሐፊው ሙሪንጉ «ከደሴቱ አጠገብ» ነው ማለቱም ልክ አይደለም። ሙሪንጉ ከሳኦ ቪሴንቴ ደሴት ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ያ ስፍራ ደሴቶቹ ገና ያልረበሹት ውሃ ነው። በሌላው በኩል ግን ተራሮቹ፣ በተለይ 2829 ሜትር የሚረዝመው የፎጎ ደሴት እሳተ ገሞራ፣ ነፋሱን ከፍለው ባሕሩን ያውካሉ፤ እዚያ የተለካ ነገር ስለ ደሴቱ ጥላ እንጂ ስለ ውቅያኖሱ አይናገርም።

የሳኦ ቪሴንቴዋን የወደብ ከተማ ሚንዴሎን ከዓለም ጋር ያስተዋወቃት ምርምሩ ነው ማለቱም አልተዋጠልኝም። ፖርቱጋሎች በሳንቲያጎ ደሴት ሪቤራ ግራንዴን የቆረቆሩት በ1462 ሲሆን፣ ደረቋ ሳኦ ቪሴንቴ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የማይበረክትባት ደሴት ነበረች። ያነሳት ጥልቅ ወደቧ ነው፤ የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚሞሉት እዚያ ነበር፣ በ1874 የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ መስመርም ደረሰላት። ተመራማሪዎቹ የደረሱት ወደቡ ሥራ ከጀመረ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው።

ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ በ2010 መጀመሪያ ታይቷል። ከአፍሪካ ጠረፍ የተነሳ የውሃ አዙሪት በሙሪንጉ ላይ ሲያልፍ፣ 40 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ኦክስጅን በኪሎ ግራም ውሃ ከ2 ማይክሮሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) በታች ወረደ። በዚያ የአትላንቲክ ክፍል ቀድሞ የሚታወቀው ዝቅተኛ መጠን 40 ያህል ነበር። አዙሪቱ የተነሳበትን ያመለከተው የባሕሩን ገጽ ከፍታ የሚለካ ሳተላይት ነው፣ ከገጹ በታች ኦክስጅን ማለቁን ግን ሳተላይት ሊያይ አይችልም። ሙሪንጉም ቢሆን በእሱ ላይ ያላለፉትን አዙሪቶች አይቆጥርም።