የሾግሬን የዓይን ድርቀትና የመድኃኒቶቹ ፍለጋ

የሾግሬን በሽታ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ሲያጠቃ የሚከሰት፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም ነው። ታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስተውሉት በዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁር ስሜትንና ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ መዋጥ የሚከለክል የአፍ ድርቀትን ነው። ከዚህ በተጨማሪ ብርቱ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም የተለመዱ ሲሆኑ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ሳንባን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይነካል። ከታማሚዎቹ ውስጥ በግምት ከአሥሩ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ ሕመሙም በብዛት የሚታወቀው በጎልማሳነት ዕድሜ ነው። ይህ ዳሰሳ በዓይን ላይ በሚደርሰው ጉዳትና ለእርሱ በተሠሩ ወይም በመሠራት ላይ ባሉ መድኃኒቶች ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ አካሄድ

በጤነኛ ሰው ዓይን ላይ የተዘረጋው የእንባ ንጣፍ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ቅባት፣ ንፍጥ መሰል ፈሳሽና ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች አሉበት። በሾግሬን በሽታ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በእንባ ዕጢው ቱቦዎች ዙሪያ ተሰብስበው ዕጢውን ያስቆጣሉ፣ ቀስ በቀስም ሥራውን ያዳክማሉ። እንባው ሲያንስ የሚቀረው ፈሳሽ ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ ጨዋማው እንባ የዓይንን የላይኛ ሽፋን ያስቆጣል፤ የተቆጣው ሽፋን ደግሞ ተጨማሪ ሊምፎሳይቶችን የሚጠሩ ኬሚካሎችን ይለቃል። ስለዚህ ብግነቱ ድርቀትን፣ ድርቀቱም ብግነትን እየወለደ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ እንባ ለጊዜው የሚያስታግሰው፣ ነገር ግን በሽታውን የማይገታው ይህ ዙር ሳይቆረጥ ስለሚቀር ነው።

የዓይን ድርቀት ሁሉ ሾግሬን አይደለም። ኢትዮጵያን በመሰሉ ትራኮማ በተስፋፋባቸው አገሮች የቆየ ትራኮማ የሚያስከትለው ጠባሳ፣ እንዲሁም የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይንን የሚያደርቁ በመሆናቸው ሐኪሙ እነዚህን መለየት ይጠበቅበታል። ለምርምር የሚያገለግለው የ2016 ዓ.ም. የአሜሪካና የአውሮፓ የጋራ መመዘኛ ነጥብ በመስጠት ይሠራል፤ በደም ውስጥ ፀረ-ኤስኤስኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ 3 ነጥብ፣ ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል በሚወሰድ ናሙና የሊምፎሳይት ክምችት መታየቱ 3 ነጥብ ሲያሰጥ፣ በቀለም የሚታይ የዓይን ሽፋን ጉዳት፣ የእንባ ማነስና የምራቅ ማነስ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ብቻ ያሰጣሉ። ለመመደብ 4 ነጥብ ያስፈልጋል። የእንባው መጠን የሚለካው ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመር በ1903 ባስተዋወቀው ስልት ነው፤ ቀጭን የማጣሪያ ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ይሰቀልና በ5 ደቂቃ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ብቻ ከራሰ እንባው አነስተኛ ነው ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ይህ ርካሽ ወረቀት ዛሬም በዘመናዊ የመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ ከመለኪያነት አልወጣም።

የዓይን ሐኪሙ ግኝት

በሽታው የተሰየመበት ሄንሪክ ሾግሬን በ1899 በስዊድን ሾፒንግ ከተማ የተወለደ የዓይን ሐኪም ነው። በስቶክሆልም ሲሠራ ዓይናቸው የደረቀ ሴቶችን በትዕግሥት ተከታትሎ፣ ሮዝ ቤንጋል የተባለውን ቀለም በመጠቀም የተጎዳውን የዓይን ሽፋን አሳይቶ፣ በ1933 በጀርመንኛ የጻፈውን የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ 19 ሴቶችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ የመገጣጠሚያ ብግነት ነበረባቸው። የሾግሬን ትልቅ አስተዋፅኦ የዓይን፣ የአፍና የመገጣጠሚያ ሕመም የአንድ በሽታ ልዩ ልዩ ገጽታዎች መሆናቸውን ማየቱ ነው፤ ይህንንም ያየው በዓይን ክፍል ተቀምጦ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች ግን ጽሑፉን ለዶሴንትነት (ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማዕረግ) የሚያበቃ ውጤት አልሰጡትም፤ በዚህም የዩኒቨርሲቲ ሥራ በሩ ተዘጋበት። ሾግሬን ወደ ዮንሾፒንግ ሄዶ በከተማው ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ሆኖ ለረዥም ዓመታት አገለገለ። ሥራው ከስዊድንና ከጀርመን ውጭ የታወቀው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ብሩስ ሃሚልተን በ1943 ወደ እንግሊዝኛ ከተረጎመው በኋላ ነው። በ1957 የዬተቦሪ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶሴንትነት፣ በ1961 ደግሞ የስዊድን መንግሥት የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጡት። በ1986 አረፈ።

ቀዳሚነቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም የሚሉ አሉ። ዮሐን ሚኩሊች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንባና የምራቅ ዕጢዎቹ ያበጡበትን ገበሬ ገልጾ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ጉዥሮም በ1925 ተመሳሳይ ምልክቶችን ጽፏል፤ በፈረንሳይ ሕመሙ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጉዥሮና በሾግሬን ስም ሲጠራ ኖሯል። ይሁን እንጂ የተበታተነውን ወደ አንድ ያመጣው ሾግሬን መሆኑ ብዙ አያከራክርም። በ1953 ሞርጋንና ካስልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚኩሊችና የሾግሬን ሕመሞች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳዩ። ከዚያ በኋላ የፀረ እንግዳ አካላቱ መታወቅና ከበሽታው ጋር የሚያያዘው የሊምፎማ ካንሰር መገለጽ ሕመሙን ከዓይን ክፍል ወደ ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል የመከላከያ ሥርዓት ሕመሞች ሕክምና) አሻገረው።

ከውሻ ዓይን የተገኘው መድኃኒት

ለረዥም ጊዜ የነበረው ሕክምና ሰው ሠራሽ እንባ ነበር፤ ከዚያም የእንባን መውጫ ቀዳዳ በትንሽ መክደኛ መዝጋት ተጨመረበት። በ1984 ሮበርት ፎክስና ባልደረቦቹ ከታማሚው ከራሱ ደም የተለየውን ሴረም (ሴሎቹ የወጡለትን የደም ፈሳሽ) አቅጥነው በጠብታ መልክ መስጠት እንደሚጠቅም ጻፉ። ሴረም ከእንባ ጋር የሚቀራረቡ የዕድገት ፕሮቲኖች ስላሉት ዛሬም በጠናባቸው ታማሚዎች ላይ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መዘጋጀትና በቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት።

ብግነቱን ራሱን የሚመታ የመጀመሪያው የዓይን ጠብታ የመጣው ግን ከእንስሳት ሕክምና ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዓይን ሐኪም የነበረችው ረኔ ካስዋን በ1980ዎቹ ዓይናቸው የደረቀ ውሾችን ስትመረምር የእንባ ዕጢያቸው በራሳቸው የመከላከያ ሥርዓት እንደተጠቃ ተገነዘበች። ኮከር ስፓኒየልን የመሰሉ የውሻ ዝርያዎች ለዚህ ሕመም በቀላሉ የሚጋለጡ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት አዲስ የተተከለ ኩላሊት ወይም ልብ በሰውነት ተቀባይነት እንዳያጣ ለማድረግ ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ የተገኘው ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ ደጋ ከተወሰደ አፈር በበቀለ ፈንገስ ነው። ካስዋን ይህንኑ በዘይት አሟሙታ በውሾቹ ዓይን ላይ ስትሞክረው የብዙዎቹ እንባ ተመለሰ። ለውሾች የተዘጋጀው 0.2 በመቶ ቅባት በ1995 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጸደቀ። የእንስሳት ዓይን ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ከሰው ሐኪሞች ሰባት ዓመት መቅደማቸው በሰው ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ያህል አይነገርም።

ለሰው ማዘጋጀቱ ቀላል አልነበረም። ሳይክሎስፖሪን በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ሲሟሟ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል፣ እይታን ያደበዝዛል። አለርጋን የተባለው ኩባንያ በጉሎ ዘይት ላይ በተመሠረተ ነጭ ውህድ 0.05 በመቶ አድርጎ ያዘጋጀው ሬስታሲስ በታኅሣሥ 2002 ጸደቀ። በማጽደቂያው መረጃ መሠረት ከስድስት ወር በኋላ በሺርመር ወረቀት 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጭማሪ ያሳዩት መድኃኒቱን ከወሰዱት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የሌለበትን ማሟሟያ ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ታማሚዎች ግን ከዚህ የላቀ ይጠብቁ ነበር። ጠብታው ለመሥራት ወራት ይፈጃል፣ ሲጨመርም ያቃጥላል፤ ከዚህ የተነሣ ውጤቱ ሳይታይ የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው።

ሆኖም ሽያጩ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኩባንያው በመስከረም 2017 የመድኃኒቱን የፈጠራ መብቶች በኒውዮርክ ግዛት ለሚገኘው የሴንት ሬጂስ ሞሃውክ ነባር ሕዝብ በማዛወር በጎሳው የሕግ ከለላ ሊጠቀም ሞክሮ ብዙ ተተቸ፤ በቀጣዩ ወር የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት መብቶቹን ውድቅ አደረጋቸው። አቻ መድኃኒት በአሜሪካ የጸደቀው ግን በ2022 ነው። በመካከሉ በአውሮፓ 0.1 በመቶ የሆነው ኢከርቪስ በ2015፣ በአሜሪካ ደግሞ 0.09 በመቶ የሆነው ሴኳ በ2018 ወጥተዋል።

ሌሎች ጠብታዎች

ሊፊተግራስት በ2016 ዚድራ በሚል ስም ጸደቀ። ሥራው ቲ ሴሎች የተባሉት የሊምፎሳይት ዓይነቶች በዓይን ሽፋን ላይ የሚጣበቁበትን ግንኙነት መከልከል ነው። የማጽደቁ ታሪክ የዚህን ዘርፍ ችግር በግልጽ ያሳያል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የዓይን ሽፋን ጉዳት መቀነሱን ሲያሳይ ታማሚዎቹ የተሻለ ስሜት አልነገሩም፤ በሁለተኛው ታማሚዎቹ ሲሻላቸው የሽፋኑ ጉዳት አልተለየም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2015 ተጨማሪ ማስረጃ ጠይቆ ሦስተኛ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፈቃድ ሰጠ። በአውሮፓ ግን ማመልከቻው በ2020 በአመልካቹ ተነሥቷል። በዓይን ድርቀት ላይ የሐኪሙ መለኪያና የታማሚው ስሜት ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ በዚያ ላይ ማነጻጸሪያ ሆኖ የሚሰጠው ማሟሟያ ራሱ ዓይንን ስለሚያርስ መድኃኒቱ ከእርሱ በልጦ ለመታየት ይቸገራል።

ጃፓን በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ2010 ዲኳፎሶል፣ በ2012 ደግሞ ቀድሞ የጨጓራ መድኃኒት የነበረው ሬባሚፒድ ለዓይን ድርቀት በጠብታ መልክ ለገበያ ቀርበዋል፤ ሁለቱም የዓይን ሽፋንን የሚቀባውን ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ያበረታታሉ። አሜሪካ ዲኳፎሶልን አልተቀበለችም። በ2021 በአሜሪካ የጸደቀው ቫሬኒክሊን በመጀመሪያ ሲጋራ ለማቆም የተሠራ ሲሆን፣ አሁን በአፍንጫ እየተረጨ ነርቭን በመቀስቀስ እንባ ያስወጣል። እንዲህ ያለው መድኃኒት ዕጢው ፈጽሞ በጠፋበት የሾግሬን ታማሚ ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ጥያቄ ግን ለብቻው መታየት ያለበት ነው።

በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ሎሪና ባልደረቦቹ ያገኙት ላክሪቲን በጤነኛ እንባ ውስጥ ያለ፣ በደረቀ ዓይን ግን የሚቀንስ ፕሮቲን ነው። ከእርሱ የተቀነሰው ላክሪፔፕ የተባለ አጭር ቁራጭ በተለይ በሾግሬን ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል። ዋናውን የሙከራ ግብ ባያሟላም፣ አንዳንድ መለኪያዎች ላይ የታየው መሻሻል ተስፋ ሰጪ ነው። የጎደለውን በዚያው መተካት የሚለው ይህ ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ ለበሽታው ተፈጥሮ የቀረበ ይመስላል።

መላውን ሰውነት የሚያክሙ መድኃኒቶች

ፓይሎካርፒን በ1998፣ ሴቪመሊን በ2000 ለሾግሬን የአፍ ድርቀት በአሜሪካ ጸድቀዋል፤ ሁለቱም ዕጢዎችን የሚቀሰቅሱ እንክብሎች ናቸው፣ ሰውነትንም ያልባሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በአብዛኛው የሽንፈት ነው። ሩማቶሎጂስቶች ለዓመታት ሲያዙት የኖሩት ሃይድሮክሲክሎሮኪን በፈረንሳይ 120 ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2014 ሲወጣ፣ በ24 ሳምንት የተሻላቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 17.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17.2 በመቶ ነበሩ። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመነጨውን የሊምፎሳይት ዓይነት፣ ቢ ሴልን፣ የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ በብሪታንያ 133 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ ዋና ግቡን ሳይመታ ቀረ። ለመገጣጠሚያ ብግነት ብዙ የጠቀመው ኢንፍሊክሲማብም እዚህ አልሠራም። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ታማሚዎቹ እርስ በርስ በጣም መለያየታቸውና ለዓመታት የጠፋ ዕጢ በጥቂት ወራት አለመመለሱ ይገኙበታል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ይለያሉ። የኖቫርቲስ ኢያናሉማብ ቢ ሴልን ሲያጠፋ በተጨማሪ ሴሉ የሚኖርበትን ምልክት ይዘጋል፤ በነሐሴ 2025 ኩባንያው ሁለቱ የሦስተኛ ምዕራፍ (ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት የሚደረጉ ትልልቅ) ሙከራዎች ግባቸውን መምታታቸውን አስታወቀ። ዳዞዳሊቤፕ በቲና በቢ ሴሎች መካከል ያለውን ምልክት የሚያቋርጥ ሲሆን፣ በ2024 የታተመው የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራው በሁለት ቡድን የተከፈለ ነበር፤ አንደኛው የውስጥ አካል ጉዳት ያለባቸውን፣ ሌላው ደግሞ የውስጥ አካላቸው ብዙም ያልተነካ ነገር ግን በድርቀት፣ በድካምና በሕመም የሚሠቃዩትን የያዘ ነው። በሁለቱም ግቡን መታ። የሁለተኛው ቡድን መካተት ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ታማሚዎች እንዲህ ያሉት ሲሆኑ ከዚያ በፊት ከሙከራዎች ውጭ ይቀሩ ነበር። ጎጂ ፀረ እንግዳ አካላት ከደም እንዲወገዱ የሚያደርገው ኒፖካሊማብም በ2024 በአሜሪካ ልዩ የፍጥነት እውቅና አግኝቷል።

መለኪያው

የእነዚህ አዳዲስ ሙከራዎች አብዛኞቹ ኤስዳይ በተባለው፣ በ2010 በወጣው የአውሮፓ መለኪያ ይዳኛሉ። መለኪያው ከመገጣጠሚያና ከቆዳ እስከ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ነርቭና ደም ድረስ 12 ዘርፎች አሉት፤ የዓይን ድርቀት ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አይደለም። አንድ መድኃኒት በዚህ መለኪያ አሸንፎ የታማሚውን ዓይን እንደነበረ ሊተወው ይችላል ማለት ነው። በ2011 የወጣው ሁለተኛው መለኪያ ድርቀትን፣ ድካምንና ሕመምን ከታማሚው አንደበት ይጠይቃል፤ እንባን ግን አይለካም።

ይህን ለማስታረቅ ኔሴሲቲ የተባለው የአውሮፓ የምርምር ጥምረት በ2022 ስታር የተሰኘ አዲስ የጋራ መለኪያ አቅርቧል። የውስጥ አካላት መሻሻል 3 ነጥብ፣ የታማሚው ስሜት መሻሻል 3 ነጥብ፣ የእንባ ዕጢ 1፣ የምራቅ ዕጢ 1 እና የደም ምርመራ 1 ነጥብ ተሰጥቷቸው፣ ከ9 ነጥብ 5 ያገኘ ታማሚ ለመድኃኒቱ ምላሽ ሰጥቷል ይባላል። የዓይን ሐኪሞች እንባ በመጨረሻ ስፍራ ማግኘቱን በበጎ ይቀበሉታል። ከ9 ነጥብ 1 ብቻ መሆኑ ግን በዓይን ክፍል ለተገኘ በሽታ ያነሰ ነው።